ካይታና ልትሠሩ ነው? ባሕር ከመውረዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ጁን ሊያልቅ ሲል ስልኬ አያርፍም። «ካይታና ልሠራ ነው፣ ምን ልያዝ?» የሚል የአክስቴ ልጅ አለ። «ልጄ ማድሪኻ ሆናለች፣ እስኪ አንቺ ምከሪያት» የምትል ጎረቤት አለች። ለሁሉም ያንኑ ስደጋግም አፌ ደረቀ። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንኑ እልካለሁ።

የምኖረው ነታንያ ነው። በማትናስ፣ ማለትም በየሰፈሩ ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ስድስት ዓመት ካይታና ሠርቻለሁ። እስራኤል ላልሆናችሁ፦ ካይታና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች የሚውሉበት የዕረፍት ካምፕ ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጁን 30 ዘግተው ሴፕቴምበር 1 ይከፍታሉ። ወላጅ ሥራ ላይ ነው፣ ልጅ ቤት ነው፣ በመሃል እኛ አለን። ልጆቹን ይዞ የሚውለው ወጣት ማድሪኽ ይባላል፣ ሴት ከሆነች ማድሪኻ። እናቴ እስከ ዛሬ «የክረምት ትምህርት» ነው የምትለው። ክረምት! ውጪው ምድጃ ሆኖ፣ ከሰማይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ።

ከስድስት ዓመት ያተረፍኩት አንድ ነገር ነው። የሚጮኸውን ልጅ ማንም ያየዋል። እናንተ የምትቀጠሩት ዝም ያለውን ለማየት ነው።

ወረቀቱን ቶሎ እንጨርስ

በዕረፍት ጊዜ ከ14 ዓመት ጀምሮ ቀላል ሥራ መሥራት ይፈቀዳል። ከ18 በታች ከሆናችሁ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሊያሠሯችሁ አይችሉም። የወጣት ዝቅተኛ ደሞዝ በሕግ የተወሰነ ነው፣ እንደ ዕድሜያችሁ ይለያያል። ትሉሽ፣ ማለትም የደሞዝ ወረቀት፣ ጠይቁ። «ግድ የለም፣ በእጅህ እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በትህትና ሌላ ቦታ ፈልጉ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አፍሬ ሳልጠይቅ ቀርቼ የሁለት ሳምንት ልፋቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ወንዶች፣ 18 ዓመት ከሞላችሁ የፖሊስ ወረቀት ትጠየቃላችሁ። በፈረንጆቹ 2001 የወጣ ሕግ ነው፣ በወሲብ ጥፋት የተፈረደበት ሰው ከልጆች ጋር እንዳይሠራ ለመከልከል። ማንም ተጠርጥሮ አይደለም፣ ሁሉም ያመጣል። ቀድማችሁ አውጡት።

ወላጅን በስልክ፣ በአማርኛ

ፎርሙ በዕብራይስጥ ነው የሚላከው። ብዙ እናቶቻችንና አያቶቻችን ሳያነቡት ይፈርማሉ፣ ወይ ልጁ ራሱ ያነብላቸዋል። ልጁ ደግሞ ባሕር መሄድ ነው የሚፈልገው፣ ምን ብሎ እንደሚተረጉም መገመት ነው። ስለዚህ ደውሉ። አሥር ደቂቃ ነው።

ደውላችሁ ግን «ዋና ይችላል?» ብላችሁ አትጠይቁ። አንዲት አያት ይሄን ስጠይቃቸው «እንዴታ! የኔ ልጅ ምን የማይችለው አለ!» አሉኝ። በማግስቱ ልጁን ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሳቆመው ክንዴን ጨምድዶ ይዞ አልለቅ አለ። አያቱ አልዋሹም፤ እሳቸው ባደጉበት ደጋ ወንዝ ተሻግሮ ከብት መመለስ የሚችል ልጅ ውሃ ይችላል ነው የሚባለው። አሁን እንዲህ ነው የምጠይቀው፦ «እማማ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ ዋኝቶ ያውቃል? የት? ማን አስተማረው?» መልሱ ከተድበሰበሰ አይችልም ማለት ነው። መልሱ ግልጽ ቢሆንም እኔ ራሴ እምብርቱ ድረስ ውሃ ውስጥ አቁሜ ሳላየው አላምንም።

አለርጂም እንደዚያው ነው። ቃሉን ስለማያውቁት ብቻ «የለበትም» ይሏችኋል። «በልቶት ፊቱ ያበጠበት፣ ያሳከከው፣ ትንፋሽ ያጠረው ነገር አለ?» በሉ። ለውዝ በተለይ ጠይቁ። እዚህ አገር ልጅ ያለበት ቦታ ሁሉ ባምባ የሚባል የልጆች መክሰስ አለ፣ ባምባ ደግሞ ለውዝ ነው። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱ በናንተ ቦርሳ ይሁን። አሸዋ ላይ በተጣለ የልጅ ቦርሳ ውስጥ ያለ መድኃኒት እንደሌለ ቁጠሩት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሃይማኖተኛ ቤተሰቦች በአይሁድ አቆጣጠር የአቭ ወር ከገባ እስከ ቲሻ በአቭ፣ ማለትም ቤተ መቅደሱ የፈረሰበት የሐዘን ጾም ድረስ ባሉት ዘጠኝ ቀናት ልጆቻቸውን ለመዝናናት ውሃ አያስገቡም። የባሕር ቀን ስታወጡ ቀን መቁጠሪያውን እዩት። ወንድና ሴት ለየብቻ እንዲገቡ የሚፈልጉ ካሉ ነታንያ ውስጥ ቂርያት ሳንዝ የሚባለው ባሕር ዳር ቀን ተለይቶለታል።

አሸዋው ላይ ከመድረሳችሁ በፊት

በጠዋት ሂዱ። በጠዋት ስል ከምሬ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላችሁ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ዕቃ መሰብሰብ አለባችሁ። ከዚያ በኋላ አሸዋው እግር ይፈጃል፣ ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ እናንተም አብራችሁ ትነጫነጫላችሁ።

ነታንያን ለማታውቁ፣ ከተማው ገደል አናት ላይ ነው፣ ባሕሩ ከታች። ሲሮኒት ወደሚባለው ባሕር ዳር በአሳንሰር ይወረዳል። ልጆች አሳንሰሯን ከባሕሩ እኩል ይወዷታል። ሃያ አምስት ልጅ ግን አንዴ አይገባም፣ ቡድኑ ይከፈላል፣ የሚጠፋውም ያኔ ነው። አንድ ማድሪኽ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወርዶ ታች ይቁም፣ ሌላው መጨረሻ ይውረድ። ታች ያሉት ሁሉም እስኪመጣ አሳንሰሩ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ። ቆመው ካሉ ይሮጣሉ።

ገደሉ ኩርካር የሚባል ልል ድንጋይ ነው። ከሥሩ ደስ የሚል ጥላ አለ፣ እናም ዳቦና ሐብሐብ ይዞ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ እዚያ ነው የሚያርፈው። አትቀመጡ። ይናዳል። ምልክት የተተከለው ለጌጥ አይደለም። ጥላ ከፈለጋችሁ ድንኳን ይዛችሁ ኑ፣ ወይ የማዘጋጃ ቤቱ ዳስ ሥር ቀድማችሁ ያዙ።

በየልጁ ክንድ ላይ በማይለቅ ብዕር የእናንተን ስልክ ጻፉ። ወላጁን አይደለም፣ የእናንተን፤ እናቱ ሥራ ላይ ሆና ስልክ ላታነሳ ትችላለች። የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ቢነፋ የምትገቡበት መጠለያ የት እንደሆነ ከመነሻው አይታችሁ ልጆቹንም አሳዩዋቸው። የሕክምና አደጋ ስልክ 101 ነው፣ ሁላችሁም በቃላችሁ ያዙት።

ውሃው

«እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚለውን አባባል ያመጣው ሰው ሜዲትራንያንን ያየ ይመስለኛል።

በፊልም የሚሰጥም ሰው እጁን ያወዛውዛል፣ «አድኑኝ!» ይላል። እውነተኛው እንደዚያ አይደለም። የሚሰጥም ልጅ አይጮህም፣ አፉ ለትንፋሽ እንጂ ለመጮህ አይደርስለትም። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፣ አፉ ከውሃው እኩል ይሆናል፣ እጆቹ ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፣ መሰላል የሚወጣ ይመስላል፣ ግን የትም አይሄድም። ከሩቅ የሚጫወት ነው የሚመስለው። የሚንጫጩት ደህና ናቸው፣ እየተነፈሱ ነው። ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ዝም ያለው ላይ ግን ዘላችሁ ድረሱ። «ደህና ነህ?» በሉት። ካልመለሰ ያዙት።

ማጺሉ፣ የባሕር ጠባቂው፣ ሥራ ላይ ካልሆነ ልጅ ውሃ አይነካም። ነጭ ባንዲራ ከሆነ ይገባል፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ለኔ ከልጆች ጋር ቀይም ጥቁርም አንድ ናቸው። «ትንሽ ብቻ፣ እግራችንን ብቻ» ብለው ይለምኗችኋል። አይሆንም በሉ። ስትደርሱ ወደ ማጺሉ ሄዳችሁ «ይህን ያህል ልጆች ነን፣ ኮፍያችን ብርቱካናማ ነው» በሉት። በድምፅ ማጉያው ሲጮህባችሁ አትቀየሙ፣ የእስራኤል ማጺል በሁሉም ላይ ነው የሚጮኸው፣ እናንተንም ስም ያወጣላችኋል።

አቋቋማችሁ ወሳኝ ነው። ሁለት ማድሪኾች በጥልቁ በኩል ፊታቸውን ወደ ዳርቻው አዙረው ይቁሙ፣ ልጆቹ በእነሱና በአሸዋው መካከል ይሁኑ፣ ውሃው ከማንም ልጅ እምብርት አይለፍ። ሌላ ሰው አሸዋው ላይ ይቁም። ያ ሰው ስልክ አይነካም። ፎቶ የሚያነሳ ካስፈለገ ትርፍ ሰው አምጡ፤ ለዋትሳፕ ግሩፑ ፎቶ እያነሱ ልጅ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። የሚነፋ ፍራሽና ጎማም አይገባም። ነፋሱ ከየብስ ሲነፍስ ልጁን ከነፍራሹ ይዞት ይሄዳል። ከማዕበል መስበሪያ ድንጋዮቹም ራቁ፣ አጠገባቸው የሚጎትት ጅረት አለ። ጅረት ከጎተታችሁ ደግሞ አትታገሉት፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ውጡለት።

ቆጠራ

በሁለተኛው ዓመቴ የሆነውን ልንገራችሁ። ሃያ ሦስት ልጅ ይዘን ወርደናል፣ ሁሉም ቢጫ ኮፍያ አድርጓል። ቆጠርኩ፣ ሃያ ሦስት። ደስ ብሎኝ ሐብሐብ መቁረጥ ጀመርኩ። ሳድል አንዱ እጁን ዘርግቶ ቀና ብሎ አየኝ። አላውቀውም። አጠገባችን ሌላ ካይታና ነበር፣ የእነሱም ኮፍያ ቢጫ። ልጁ ሐብሐብ አሽትቶ መጥቶ ነው፣ እኔ ከነኮፍያው ቆጥሬዋለሁ። የኛዋ ሃያ ሦስተኛ ታዲያ የት አለች?

ቢላውን ጣልኩት። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ወደ ውሃው ሮጥኩ፣ ጓደኛዬ ወደ ማጺሉ። የተገኘችው የእግር መታጠቢያው ቧንቧ ሥር ነው። ሹሩባዋ ውስጥ የገባውን አሸዋ አንድ በአንድ ስታጥብ ነበር። ዝም ብላ። ማንንም አላስቸገረችም።

ከዚያ ወዲህ ጭንቅላት አልቆጥርም፣ ጥንድ ነው የምቆጥረው። እያንዳንዱ ልጅ ጓደኛ አለው፣ ጠዋት ይያያዛሉ፣ እስከ ማታ አይቀያየሩም። በየአሥር ደቂቃው ፊሽካ ይነፋል፣ ጥንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ላይ ያነሳሉ፣ በስም እጠራለሁ። ጓደኛ የሌለው እጅ ወዲያው ይታያል። ሁለት መዋኘት የማይችሉ አታጣምሩ። ወንድምና እህትም አታጣምሩ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይጣሉና ይለያያሉ። ኮፍያችሁ ደግሞ ማንም የሌለው ቀለም ይሁን።

ልጅ ከጠፋ መጀመሪያ ውሃው ይታያል። ሽንት ቤቱ፣ አይስክሬም መሸጫው፣ አሳንሰሩ ቀጥለው ነው። ሽንት ቤት ያለ ልጅ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ውሃ ውስጥ ያለ አይጠብቅም። ማጺሉን ወዲያው ንገሩት። እንዳትፈሩ፣ እንዳታፍሩ።

ሜዱዛ፣ ፀሐይ፣ ፀጉር

ጁን መጨረሻና ጁላይ ላይ ሜዱዛ ይመጣል። እንደ ላስቲክ ከረጢት የሚንሳፈፈው፣ የሚያቃጥለው። በስዊዝ ቦይ በኩል የገባ የሩቅ ባሕር እንግዳ ነው። በብዛት ካለ አትውረዱ፣ ሌላ ቀን አለ። ልጅ ከነካው በባሕር ውሃ እጠቡት። በቧንቧ ውሃ አይደለም፣ ያባብሰዋል። አታሹት፣ ፎጣ አታድርጉበት፣ ኮምጣጤም አታፍስሱ። አንዲት እናት ከቤት ኮምጣጤ በጠርሙስ ይዛ መጥታ «ፍቱን ነው» ስትለኝ በአክብሮት ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት። ዓይኑ ከተነካ፣ ወይ ትንፋሽ ካጠረው፣ 101 ደውሉ። አሸዋ ላይ የወጣ የሞተ ሜዱዛም ያቃጥላል፣ ልጆች ደግሞ በዱላ ሊወጉት ይጓጓሉ።

«እኛ ጥቁሮች ነን፣ ክሬም አያስፈልገንም» የሚል ልጅ በየዓመቱ አንድ አይጠፋም። ያስፈልገዋል። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ልዩነቱ ቀይ ሆኖ ስለማይታይ ቀድማችሁ አለማወቃችሁ ነው። በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጣ ቁጥር ይቀባ። ጆሮ ላይ፣ እግር ጀርባ ላይም። ውሃ ደግሞ «ማን ጠማው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ፊሽካ ነፍታችሁ ሁሉም አብሮ ይጠጣ።

ፀጉርን አትናቁት። ትናንት ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ሹሩባ የተሠራች፣ ወይ የካውያ ዋጋ የተከፈለላት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጭንቅላቷን ጨው ውሃ ውስጥ አትነክርም። ትክክል ናት። እንደ ፈሪ አትዩዋት፣ «ነይ ግቢ፣ ምን ታካብጃለሽ» አትበሏት። የዋና ኮፍያ ስጧት፣ ወይ ከዳር ሥራ ስጧት። ለእናቷ ደግሞ የባሕሩን ቀን ከሳምንት በፊት ንገሯት፣ ሹሩባውን ለሌላ ቀን ታዞረዋለች።

አሸዋ ላይ ምን እንጫወት?

ድብብቆሽ የለም። ባሕር ዳር ላይ ልጅ ተደበቅ ብሎ ማዘዝ እብደት ነው። አሸዋ ሲቆፍሩም ጉድጓዱ ከትንሹ ልጅ ጉልበት አይለፍ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተደርምሶ ልጅ ይቀብራል። ስትሄዱ ሙሉት።

ከኛ ጨዋታዎች ምርጦቹ የውሃ ዳር እርጥብ አሸዋ ላይ የሚሆኑት ናቸው። ሰኞ ማክሰኞ በጣት ይሠመራል፣ ዛጎል ይወረወርበታል። ገበጣ ደግሞ እንጨት አይፈልግም፦ በጡጫ ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጉ፣ ጠጠር ሰብስቡ፣ አለቀ።

ገበጣን የማነሳው በምክንያት ነው። አንድ ዓመት ከኢትዮጵያ ከመጣ አራት ወር ያልሞላው ልጅ ነበረን። ዕብራይስጥ የለውም፣ ሌሎቹ ልጆች ደግሞ እዚህ ተወልደው አማርኛ የላቸውም። መልካቸው አንድ፣ ቋንቋቸው ሌላ። ሦስት ቀን ፎጣው ላይ ተቀምጦ ዋለ። ጨዋ ልጅ ነው ተባለ፣ አያስቸግርም ተባለ። እኔም ብያለሁ፣ አልደብቅም። በአራተኛው ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ምንም ሳልናገር ጉድጓድ መምታት ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ «እንዲህ አይደለም» አለና እጄን ገፍቶ ራሱ ሠራው። ጠጠሩንም እሱ ለቀመ። እየረታኝ እያለ ሁለት ልጆች መጥተው ቆሙ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ እኔ ተነሣሁና ቦታዬን ለቀቅኩ። ሕጉን በእጁ ነው ያስተማራቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥማችሁ ወደ ጨዋታው እየጎተታችሁ አትውሰዱት፣ እሱ የሚያውቀውን ጨዋታ ወደሱ አምጡለት።

ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ጥላ ሥር እንቆቅልሽ። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ማለቱን በአንድ ቀን ይለምዱታል። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» በሏቸው፣ መልሱ ፊታቸው እየተንቀሳቀሰ። ያላወቀ አገር ይሰጣል። በኛ ጊዜ ጎንደር ነበር የሚሰጠው፤ እነዚህ ኤላትን ይሰጧችኋል፣ ኤላት እምቢ ከተባለ አሜሪካን።

የማታው ዝግጅት

አንዳንድ ማትናስ በዕረፍቱ ማብቂያ ላይ ቤተሰብ ሁሉ የሚመጣበት የባሕር ዳር ምሽት ያደርጋል። ከበሮ አለ፣ ዳቦ አለ፣ እናቶች ጀበና ይዘው ይመጣሉ። በጣም ደስ ይላል። ለልጅ ጠባቂ ደግሞ ከቀኑ ይብሳል። ወላጅ ስላለ ማድሪኹ «እናቱ ታየዋለች» ይላል፣ እናት ማድሪኽ ስላለ «እነሱ ያዩታል» ትላለች፣ ልጁን ማንም አያየውም። መጀመሪያውኑ በድምፅ ማጉያ ተናገሩ፦ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ልጆቹ በማን እጅ እንደሆኑ። ሲጨልም ውሃ የለም፣ ለማንም።

የጀበናው ከሰል ነገር ያስፈራኛል። ሰው ሲጨርስ አሸዋ ያለብሰዋል፣ የጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም። ከሥር ለሰዓታት ይግላል፣ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅም ይረግጠዋል። በውሃ አጥፉት፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰብስባችሁ ውሰዱት። ለትልልቅ ሰው «አታድርጉ» ማለት ይከብዳል፣ ይገባኛል። ባልዲውን ይዛችሁ ሂዱና «እማማ፣ እኔ ላጥፋልዎት» በሉ። ይመርቋችኋል እንጂ አይቆጧችሁም።

ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ ልጆቹን የባሕር ኤሊ ጫጩቶች ሲለቀቁ ለማየት ውሰዷቸው። ከነታንያ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ሚክሞረት አካባቢ፣ የባሕር ኤሊ ማገገሚያ ማዕከል አለ። እናቶቹ በበጋው አሸዋ ውስጥ ይጥላሉ፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ይፈለፈላሉ፣ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ሰዎችም አንዳንዴ ሕዝብ ባለበት ይለቋቸዋል። በ*3639 ደውላችሁ ጠይቁ። የስልክ መብራት ክልክል ነው፣ ጫጩቶቹ ብርሃን ተከትለው ይሳሳታሉ። ይሄን ለልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ንገሯቸው፤ እዚያ ደርሳችሁ ብትናገሩ አይሰሟችሁም። ሹራብ ይያዙ፣ ማታ ነፋስ አለው።

ስትመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ እንደገና በስም ጥሩ። ማትናስ ደርሳችሁ ሁሉም ከወረደ በኋላ ደግሞ ሾፌሩን «ቆይ» በሉትና እስከ መጨረሻው ወንበር ሂዱ። ከወንበሮቹ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የደከመው ልጅ እንቅልፍ ይዞት ተንሸራቶ እዚያ ነው የሚገኘው፣ ፎጣ ለብሶ፣ ድምፁም የለ።